ወደ ግራ ያጋደለው ጋሪ

ናዝሬት ውስጥ ባለጋሪውን ንዋይን የማያውቅ ቢኖር በእግሩ መሄድ የሚወድ ሰው ብቻ ነበር። የታወቀው በደግነቱ አይደለም። ደግ ነበር፤ ግን ደግ ባለጋሪ በከተማው ሞልቷል። በፈረሱም አይደለም። ቡላ ከሌሎቹ ፈረሶች የሚለየው ጆሮው ላይ ባለችው ቅዳድ ብቻ ነው። ንዋይን ያስታወቀው ወደ ምሥራቅ አለመሄዱ ነው። ወደ ሞጆ መውጫ ሲሉት ይሄዳል፣ ወደ ወንጂ መንገድ ሲሉት ይሄዳል፣ ባቡር ጣቢያ ሲሉት እያፏጨ ይሄዳል። በወለንጪቲ በኩል ግን ከኬላው አንዲት ክንድ አያልፍም። ገመዱ መንገዱን ዘግቶ፣ ወታደሮቹም ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከሚታዩበት ቦታ ሲደርስ፣ ልጓሙን ሳይነካው ቡላ ራሱ ዞሮ ፊቱን ወደመጣበት ይመልሳል። ተሳፋሪው ቢለምን፣ ቢሳደብ፣ እጥፍ እከፍላለሁ ቢል የንዋይ መልስ አንድ ነው።

"ኮከቤ አይደለም።"

ሌላም ነገር ነበረ። ይሄኛውን ሰው ጮክ ብሎ አያወራውም። የንዋይ ጋሪ ወደ ግራ ያጋድል ነበር። ጎማ ቀየረ፤ አልሆነም። ጋሪውን ከሥር የሚሸከመውን ባሌስትራ አስፈትቶ በአዲስ አስገጠመ፤ አልሆነም። ብየዳ የሚሠራ ሰው እንጨቱን ከብረቱ ለይቶ እየለካ ሲያየው ውሎ "ጋሪህ ምንም የለውም" ብሎ መለሰለት። ምንም የሌለው ጋሪ ባዶውን ቆሞ ሲታይ፣ ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ በግራ በኩል አንድ ሰው የተቀመጠበት ይመስል ዝቅ ይል ነበር። የሚሳፈሩ ሴቶች ለምን እንደሆነ ሳያውቁት በስተቀኝ መቀመጥ ይመርጣሉ። ሕፃን ያዘለች እናት በግራ ከተቀመጠች ልጁ ያለቅሳል።

አብዱናሲር የሚባል ከወሎ የመጣ ባለጋሪ፣ ከባለጋሪዎቹ ማኅበር ለንዋይ የቅርብ ጓደኛው ነበር። ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። አንድ ቀን ፈረሶቻቸውን ሲያጠጡ ጋሪውን አየና "ወላሂ ንዋይ፣ ይሄ ጋሪህ ሂሳብ የማይከፍል ተሳፋሪ አለው" አለ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ንፋስ ሳይኖር አግዳሚው ሲጥ አለ። አብዱናሲር ሳቁን አቋርጦ በሆዱ አንድ ነገር አነበነበና ፈረሱን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ነገር ቀልዶ አያውቅም።

የኮከቡ ነገር የጀመረው ንዋይ ጡት ሳይጥል ነው። አባቱ አቶ ሙሉብርሃን የከብት ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸውን ሸዋወርቅንና ሕፃኑን ይዘው ናዝሬት ሲገቡ ከየት እንደመጡ ለማንም አልተናገሩም፤ በቤታቸውም አይነሳም ነበር። ንዋይ እዚያው ናዝሬት የተወለደ ይመስለው ነበር። ቤት ተከራይተው ገና እቃቸውን ሳይፈቱ፣ አባት የመጀመሪያ ሥራቸው ኮከብ ቆጣሪውን መሪጌታ ተክለሃይማኖትን መጥራት ሆነ።

እንደሚታወቀው ኮከብ የሚቆጠረው በክርስትና ስምና በእናት ስም ነው። የክርስትና ስም ደግሞ እንደ ወርቅ የሚደበቅ ነገር ነው፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ መድኃኒት ይደረግበታል፣ ይደገምበታል ይባላል። ስለዚህ መሪጌታ አባትየውን ወደ ውጭ አስወጡና ጆሯቸውን ወደ ሸዋወርቅ አዘነበሉ። እሷም ስሙን በሹክሹክታ ነገረቻቸው። እሳቸው የስሙን ፊደል ከእናቲቱ ስም ጋር ደምረው፣ በአሥራ ሁለት ገድፈው፣ ከቀሪው ኮከቡን አወጡት። ኮከቡ ደለዊ፣ ጠባዩ ነፋስ። አባትየው ተጠርተው ሲገቡ መሪጌታ ሕፃኑን ትክ ብለው እያዩ፣ ዓይናቸው ያየውን ከእጃቸው ሂሳብ ጋር ማስታረቅ ያቃታቸው ይመስሉ ነበር።

"ይህ ልጅ በምሥራቅ ይቀራል" አሉ። "ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ያለው አፈር ይዞታል፤ አይለቀውም። እንጃ... እኔ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።"

ገንዘብ እንኳ ሳይቀበሉ ወጡ። ኮከብ ቆጣሪ ገንዘብ ትቶ ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል? ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤቱ ሕግ ምሥራቅ ሆነ። የልጁ ራስጌ ወደ ምሥራቅ አይሆንም። የምሥራቁ መስኮት በጭቃ ተመረገ። ልጁ የሚጫወተው ከቤቱ ጀርባ ብቻ ነው።

ልጅ ደግሞ ልጅ ነው። አፉን በፈታ፣ ሜዳ መሮጥ በጀመረ ዕድሜው አንድ ቀን ከብት የጫነ ካሚዮን ተከትሎ ሮጠ። ካሚዮኑ በኬላው አልፎ ወደ ወለንጪቲ ሲሄድ ንዋይም ተከተለ፤ ኬላው አጠገብ ሲደርስ ሜዳ ላይ ወደቀ። ድንጋይ አልመታውም፣ ጉድጓድ አልነበረም። በኋላ ሲጠይቁት "አንድ ልጅ እግሬን ያዘኝ" አለ። እግሩ ተሰብሮ በወጌሻ ታሸ፤ ግን ቀኙ ከግራው አጥሮ ቀረ። አባቱ የተሰበረውን እግር ይዘው እያለቀሱ ሚስታቸውን "አየሽ? አየሽ አይደል?" ይሏት ነበር። ሸዋወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባት ሲሞቱም የመጨረሻ ቃላቸው ስለ ርስት ወይም ስለ ከብት አልነበረም። "ምሥራቅን አደራ" ነው ያሉት።

ዘመን ተገለበጠ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ። የሶማሊያ ጦር ሲገባ ናዝሬት ወንዶቿን በካሚዮን እየጫነች ወደ ምሥራቅ ሸኘች። ከባለጋሪዎቹ ማኅበርም ጎረምሶቹ ተመለመሉ። ንዋይ በሰልፉ ላይ ሲያነክስ ያየው መልማይ "አንተ ውጣ፣ ለራስህም አትሆን" ብሎ ገፈተረው። ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ሐዲስ የሚባለው፣ ፈረሱን ለንዋይ አደራ ሰጥቶት የሄደው ልጅ አልተመለሰም። ያ ፈረስ ቡላ ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ኮከቡን የሚጠራጠር ማን ይኖራል? ሰፈሩ በሙሉ "ኮከቡ ጠበቀው" አለ። ንዋይ ግን አልተደሰተም። ሌሊት እየነቃ፣ በሕይወት መኖር ስርቆት የሆነበት ሰው ሆነ።

የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ አስነስቶት ነበር። "ጓድ ንዋይ ወደ ምሥራቅ አልሄድም ይላል። የምሥራቁ ጎራ የአብዮታችን ወዳጅ መሆኑን እያወቀ! ይህ ጎታች አስተሳሰብ ነው ወይስ ሌላ ነገር?" በዚያ ዘመን "ሌላ ነገር" የሚለው ቃል ሰው ያስበላል። አብዱናሲር እጁን አወጣና "ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈረሱ ነው አልሄድም የሚለው። ፈረሱን እናንቃው" አለ። ሰው ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ሳይወድ በግድ ሳቀ፤ ንዋይም ያን ቀን ቤቱ አደረ።

ዘመናይ ወደ ሕይወቱ የገባችው በዚያ ሰሞን ነው። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ቁስል አጣቢ ነበረች፤ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ የላትም። ፊቷ ኮስተር ያለ፣ አንደበቷ ግን ጨዋታ የሚወድ። መጀመሪያ የተሳፈረች ዕለት ነጠላዋን ሰብስባ በስተግራ ልትወጣ እግሯን ካነሳች በኋላ ቆም አለች።

"ሰው አለው እንዴ?" አለች።

ባዶ አግዳሚ እያየች ነው። ዘመናይም መልስ ሳትጠብቅ ዞራ በስተቀኝ ወጣች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ በስተቀኝ ነው የምትቀመጠው፤ ሁልጊዜም በንዋይ ጋሪ። የታመመ ሰው ደጅ ይዟት ሲሄድ፣ ከገበያ ሲመልሳት፣ ሳያስቡት የሁለት ሰው ጨዋታ የሁለት ሰው ልብ ሆነ። እናቱን ሽማግሌ ልካ እንድትጠይቅለት ነገራት። ዘመናይ እሺ አለች። ከዚያ የምደባ ደብዳቤ መጣ፤ ዘመናይ ወደ ወለንጪቲ ጤና ጣቢያ ተዛወረች።

ወለንጪቲ! በአውቶብስ ቢሄዱ ወሬ ሳይጀመር የሚደረስበት አገር። ለንዋይ ግን ከጨረቃ የራቀ ነው። ዘመናይ ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያው ላይ ስትለየው አላለቀሰችም።

"እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ የላከኝ ቦታ እሄዳለሁ" አለች። "አንተን የላከህ ማነው? ለጥምቀት እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ ግን በቃ፣ ሽማግሌዎቹ ቃሌን ይመልሱልኝ። ኮከብ ያገባ ሰው አላገባም።"

የገና በዓል ካለፈ በኋላ ንዋይ ልቡን ቆርጦ ወሰነ፤ የወሰነውም መቅረቱን ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰው ዕድሜውን በሙሉ በአንድ መንገድ ከተመላለሰ ሌላ መንገድ መኖሩን እግሩ አያምንም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ሸዋወርቅ አርጅታለች፤ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች።

"እማዬ፣ ለዘመናይ ቃሏን መልሱላት። አልሄድም" አላት።

"ምነው ልጄ? ትወዳት የለም?"

"እወዳታለሁ። ግን እዚያ ብሞት ምን ትሆናለች? ሁለተኛ ባል ልትቀብር? ደግሞ..." ለማንም ያልተናገረውን ተናገረ። "ብቻዬን አይደለሁም እማዬ። ጋሪው ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ አለ። ሰውም ያውቃል፣ አይነግረኝም እንጂ። ስነዳ ትንፋሹ ይሰማኛል። ወደ ኬላው ስቀርብ ይብስበታል።"

የሸዋወርቅ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"በየት በኩል ነው የሚቀመጠው?"

"በግራ። ሁልጊዜ በግራ ነው።"

ሰፌዱ ከጉልበቷ ወድቆ ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ። ሸዋወርቅ ነጠላዋን ሰብስባ ግራ ጡቷን በእጇ ያዘች።

"በግራ ነበር የማጠባው" አለች።

ንዋይ አልገባውም። እሷ ግን ከጀመረች አላቋረጠችም፤ ስንት ዘመን ታፍኖ የኖረ ነገር ነው።

"ሁለት ነበራችሁ። መንታ ነበራችሁ ልጄ። የተወለዳችሁት ወለንጪቲ ነው። አንተ በቀኝ፣ እሱ በግራ ትጠቡ ነበር። በአርባ ቀናችሁ አብራችሁ ክርስትና ተነሳችሁ፤ እሱ ወልደ ሐና ተባለ። ከዚያ ትኩሳት ያዘውና በሦስተኛው ቀን ሄደ። እዚያው ቀበርነው፤ አባትህ አገሩን ጠልቶ ይዞን ወጣ። ስሙ እንዳይነሳ አስማለኝ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "መሪጌታ መጥተው በጆሮዬ 'የክርስትና ስሙ ማነው?' ሲሉኝ ፈራሁ። የቀረኝ አንተ ብቻ ነህ። ያንተን ስም ለማላውቀው ሰው እንዴት እሰጣለሁ? የሞተን ምን ያደርጉታል ብዬ የሱን ሰጠሁ።"

ከቤቱ ውጭ የቡላ ኮቴ መሬት ሲመታ ይሰማል።

"ታዲያ መሪጌታ የቆጠሩት..."

"የሱን ነው። 'በምሥራቅ ይቀራል፣ አፈር ይዞታል' ሲሉ ደሜ ቀጥ አለ። አልተሳሳቱም እኮ! የቀበርኩትን ልጄን ነበር የሚነግሩኝ። አባትህ ላንተ መሰለው። ልናገር አሰብኩ፣ ፈራሁ። ከዚያ እግርህ ተሰበረ። ከዚያ ያ ጦርነት መጣና የሰው ልጅ ሲረግፍ አንተ በእግርህ ምክንያት ቀረህ። ወንድሙ ነው የሚጠብቀው አልኩ። ከተናገርኩ ይተወዋል ብዬ ዝም አልኩ።" አለቀሰች። "ኑሮህን ቀማሁህ። የሞተውን ላኖር ብዬ ያለውን ቀበርኩ።"

ንዋይ ተናደደ፤ ልጅ በእናቱ ሊናደድ ከሚገባው በላይ ተናደደ። ተነስቶ በጭቃ የተመረገውን የምሥራቅ መስኮት በቡጢ መታው። ጭቃው ፈረሰና አንዲት ቀጭን ብርሃን ገብታ የተበተነው ምስር ላይ አረፈች። ንዴቱ እዚያው ጠፋ። ተንበርክኮ ከእናቱ ጋር ምስሩን ይለቅም ጀመር።

"ሌላ አዋቂ እንፈልግ?" አለች ሸዋወርቅ ቆይታ፣ በፍርሃት። "በትክክለኛ ስምህ ያንተን እናስቆጥር፤ መንገዱ ደህና መሆኑን..."

"ተይው እማዬ" አላት። "የኔን ማንም አይቁጠረው። ይልቅ የት እንደቀበራችሁት ንገሪኝ።"

በከተራ ዕለት ጠዋት ቡላን ጠመደ። አብዱናሲር ሊሸኘው መጥቶ ጋሪውን እያየ "ከባድ ጭነት ነው የያዝከው" አለው። ቀልዱን አልነበረም። ንዋይ ኬላው ጋ ሲደርስ ቡላ እንደልማዱ መዞር ጀመረ። ንዋይ ልጓሙን ሳበ፤ ፈረሱ እምቢ አለ፤ እግሩን ተክሎ በአፍንጫው ተነፈሰ። ወታደሩ መሣሪያውን አንግቶ መጣ።

"የሁለታችሁንም የይለፍ ወረቀት" አለ።

ንዋይ የራሱን ዘረጋለት። ወታደሩ ወረቀቱን አላየም፤ ዓይኑ ግራው አግዳሚ ላይ ነው። አንዴ ዓይኑን አሸ። ድጋሚ አየ። ፊቱ ደም አጣ።

"ሂድ" አለ። "ሂድ በቃ፣ እለፍ።" ገመዱን ለመጣል ሮጠ።

ንዋይ ከጋሪው ወረደ። የቡላን አንገት አቅፎ በተቀደደው ጆሮው "እኔም ፈርቻለሁ" አለው፤ ከዚያ ልጓሙን ይዞ እያነከሰ በእግሩ ቀደመ። ልጅ ሆኖ የወደቀባት ቦታ ላይ ሲደርስ እግሩ በረደው። አንድ ትንሽ እጅ ቁርጭምጭሚቱን የያዘው መሰለው። አልጮኸም፣ አልሮጠም።

"ና፣ አብረን ነን" አለ። "ወደ ቤትህ ነው የምወስድህ።"

እጁ ለቀቀው። ቡላም ተከተለ።

መንገዱ ረዥም ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከሜዳው አዙሪት ነፋስ አቧራ እየጠቀለለ ይነሳና ከመንገዱ ዳር ቆሞ የሚጠብቃቸው ይመስል ነበር። ንዋይ ተመልሶ ተሳፍሮ መንዳት ጀመረ። ወደ ኋላው ሳይዞር ስለ አባታቸው አወራው፤ ስለ ዘመናይ፣ ስለ ሐዲስ፣ ሊቀመንበሩ ስለ ምሥራቅ ጎራ ስለተናገረው። እዚያ ላይ ራሱ ሳቀ። አግዳሚው ሲጥ ሲል እንደ ወትሮው አልደነገጠም።

ወለንጪቲ ሲደርስ ከተማው ባዶ ነበር። ታቦቱ ወደ ማደሪያው ወጥቶ ሰው ሁሉ ተከትሎታል፤ ከሩቅ እልልታና ከበሮ ይሰማል። እናቱ በነገረችው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የቀረው መርዳሳ የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ነው።

"አካም ጅርታ፣ አባባ" አለው ንዋይ በኦሮምኛ ሰላምታ። "የሕፃናቱ መቃብር የት ነው?"

"ፋያ፣ ፋያ። በስተምሥራቅ ነው ልጄ፣ ከአጥሩ ጥግ" አለና መርዳሳ ጋሪውን ተመለከተ። "ሁለት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት?"

ንዋይ ጋሪውን በአጥሩ ውጭ አዙሮ ከጥጉ አጠገብ ሲያደርስ ሁሉም ድንጋይ ጥቁር ነበር፤ ሁሉም ትንሽ። የትኛው የወንድሙ እንደሆነ ማን ይወቀው? ቡላ ግን ሳያዝዘው ቆመ። ባሌስትራው እንደሚያቃስት ሰው ረዥም ድምፅ አወጣ። ከዚያ ጋሪው፣ ስንት ብየዳና ስንት ጎማ ያላቃናው ጋሪ፣ ቀስ ብሎ ከፍ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ንዋይ ነፃ ስወጣ ደስ ይለኛል ብሎ አስቦ ነበር። የመጣበት ግን ሌላ ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ነበር። ከአጥሩ ላይ ግንባሩን ደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ መርዳሳም ከሩቅ ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

ንዋይ ከዚያ ወዲያ ናዝሬት የተመለሰው እናቱን ለማምጣት ብቻ ነው። ኑሮውን ወለንጪቲ አደረገ፣ እዚያም አረጀ። ነገሩን የሚያውቁ ዛሬም "በምሥራቅ ይቀራል" የተባለው ለማን ነበር እያሉ ይከራከራሉ። እኔ መሪጌታን አልዳኝም።

የዚያን ዕለት ግን ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ታቦቱ ማደሪያ ነዳ። ዘመናይ ከሕዝቡ ዳር ቆማ የናዝሬትን መንገድ ታያለች። ቡላን ስታውቀው እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ሮጣ መጥታ እንደልማዷ ወደ ቀኙ ዞረች። ንዋይ እጁን ዘረጋላት።

"በዚህ ውጪ" አላት፣ ግራውን እያሳየ።

ዘመናይ እግሯን አነሳችና ቆም አለች። አግዳሚውን አየች። ከዚያ ያበጡ ዓይኖቹን አየች።

"ሰው የለውም" አላት ንዋይ።